የተውሶ ስም

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የምትሠራ ነርስ ካልፈራች ሰው ትገድላለች። ደሴ ሳለሁ የምፈራው ሕመሙን ነበር፤ ደም አልቆም ሲል፣ ሕፃን ትንፋሽ ሲያጥረው፣ እናት ምጥ ሲጠናባት። ሪያድ ከመጣሁ በኋላ ግን ሕመሙን እየፈራሁ በላዩ ላይ ወረቀትም መፍራት ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙውን ቀን ከሕመሙ ይልቅ ወረቀቱን ነበር የምፈራው።

የምሠራው አበሻ ከሚበዛበት ከመንፉሐ ሰፈር ብዙም በማይርቅ አንድ መለስተኛ የግል ሆስፒታል ነው። በኮንትራት ስለሄድኩ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ ከደረት ኪሴ ተለይቶኝ አያውቅም። ከፊል የሚሉት ዋስና አሠሪዬም ራሱ ሆስፒታሉ ነበር። በዚህ ከብዙ እህቶቼ እሻላለሁ እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

ጊዜው መንፉሐ ከታመሰች በኋላ ያሉት ወራት ናቸው። አበሻ እየታፈሰ በአውቶቡስ የተጫነበት ሰሞን አልፎ፣ የቀረው ሰው በየክፍሉ ተሸጉጦ በር ሲንኳኳ መብራት ያጠፋል። ታዲያ እኛ ጋ የሚመጣው ሕመምተኛ ሁሉ ዘግይቶ ነበር የሚመጣው። የተቆረጠ መዳፉን በልብስ መስፊያ ክር የሰፋ አናጺ አይቻለሁ። ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ሆዷ እንደ ጣውላ እስኪደርቅ ድረስ «ብርድ ነው» እያለች ፌጦ ስትጠጣ የሰነበተች ልጅም አይቻለሁ። «ለምን ቶሎ አልመጣሽም?» ብላት እንደ ሞኝ አየችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አገራችን፤ እነዚህ ግን ይደብቁ የነበረው በሽታውን ሳይሆን ራሳቸውን ነው። ለዚህኛው ተረት አላገኘሁለትም።

መደበቁ ያላዋጣው ሰው ሌላ ዘዴ ነበረው፤ ኢቃማ ይዋሳል። በአንድ ክፍል ታጭቀው ከሚያድሩት መሐል አንዱ ወይ ሁለቱ ሕጋዊ ወረቀት አያጡም። ታማሚው ዕድሜው የሚቀራረበውን፣ መልኩም ብዙ የማይርቀውን መርጦ፣ ጎረቤት ወንፊት እንደሚዋስ ካርዱን ይዋሳል። ፎቶውን ማን ያያል? ለሳዑዲዎቹ እኛ ሁላችንም አንድ መልክ ነን። አዋሹ ደግሞ ካርዱ እስኪመለስለት ድረስ ከቤት አይወጣም፤ ያለ ካርድ መንገድ ላይ ከተገኘ እሱንም ይወስዱታል። ስለዚህ ኢቃማ ማዋስ ራስን ማሰር ማለት ነው። ሆኖም ወንድሙ ታሞ «አላውስም» ያለ ሰው አላጋጠመኝም።

ታማሚው መንገድ ላይ ለፈተና እንደሚቀመጥ ተማሪ ያጠናል፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ የከፊሉ ስም። እኔ ገና ሲገቡ አውቃቸው ነበር። ስማቸው ሲጠየቅ መጀመሪያ ካርዱን ያዩታል። አይቼ ዝም እላለሁ፤ ዝም አይነቅዝም። የሆስፒታሉ ሕግ ግን ግልጽ ነበር። ካርዱና ሰውየው ካልተመሳሰሉ ለጥበቃው ይነገራል፤ ጥበቃው ለሹርጣ፣ ለፖሊስ ይደውላል፤ ከዚያ ተርሒል ነው፣ ወደ አገር የሚባረሩበት እስር ቤት። እያወቀ ያልተናገረ ሠራተኛም መንገዱ ወደዚያው ነው።

ጥበቃችን ሽበታም ሳዑዲ ነበር። መቁጠሪያውን ቀጭ ቀጭ እያደረገ ከበር እስከ ድንገተኛ ክፍል ይንጎራደዳል። አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም፤ እንዲያውም ሻይ ሲያፈላ ይጠራኝ ነበር። ያም ሆኖ የመቁጠሪያው ድምፅ ሲቀርብ መጋረጃውን እስብ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሁለት ሰዎች ገቡ። አንደኛው ጎልማሳ ነው፤ ጫማው ላይ ሲሚንቶ ጋግሯል። ሌላው ሃያዎቹን ያልጨረሰ ረጅም ልጅ፣ ከግራ ጆሮው በላይ የዶሮ እንቁላል የሚያህል እብጠት ይዟል። ጎልማሳው ክርኑን ይዞ ያስገባዋል። ልጁ በራሱ እግር ነው የሚራመደው፤ ዓይኑ ግን አንዴ በሩን አንዴ ጥበቃውን ያያል።

«ሲስተር፣ አበሻ ነሽ አይደል?» አለኝ ጎልማሳው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አነጋገሩ የአገሬ የወሎ ነው።

«ታዲያ ምን መሰልኩህ?»

«አልሐምዱሊላህ! ይኸ ወንድሜ ደረጃ አዳልጦት ነው። ቤት ውስጥ። ሹግል ላይ አይደለም፣ ወላሂ!»

ማንም ሳይጠይቀው ሹግል ላይ አይደለም ብሎ የሚምል ሰው፣ በቃ፣ ሥራ ላይ ነው የወደቀው።

«ወድቆ ራሱን ስቶ ነበር?» አልኩት።

«ኧረ የለም! ወዲያው ነው የተነሣ።»

ልጁን አልጋ ላይ አስቀምጬ መጋረጃውን ስስብ ጎልማሳው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እህቴ፣ ኢቃማው የሱ አይደለም። የክፍላችን ልጅ ነው ያዋሰው። የሱ ስም እንዲህ ነው» ብሎ የልጁን ስም ከነአባቱ ነገረኝ። «አንድ ሰው እንኳ ይወቀው ብዬ ነው። የሚሆነው አይታወቅም።»

ምነው ባልነገርከኝ! አልኩ በሆዴ። እስካሁን የማውቀው በጥርጣሬ ነበር፤ ጥርጣሬ አያስጠይቅም። አሁን ግን ሁለት ስም ታቅፌ ቀረሁ። ጎልማሳው ራሱም ወረቀት አልነበረውም። «እኔ ውጭ ነኝ» አለና ወጥቶ ከቆሙት መኪኖች ጀርባ ቁጢጥ ሲል በመስኮቱ አየሁት።

የዚያን ቀን ተረኛው ሐኪም ሱዳናዊ ነበር። መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል፣ ቀልድ የማያልቅበት፣ እጁ ግን የማይቸኩል ሰው ነው። ልጁን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አየው። በባትሪ ሁለቱን ዓይኖቹን አበራባቸው፤ የሁለቱም ብሌን እኩል ጠበበ። እጅና እግሩን አስገፋው፣ አስጨበጠው፤ ጥሩ ነው። እኔ የልብ ምቱን ያዝኩ። እንደ ከበሮ ይደልቃል።

«ይፈራል» አለ ሐኪሙ።

«ማን የማይፈራ አለ?» አልኩት። ሳቀ።

ከዚያ ወደ ጥያቄው ሄደ፤ እኔ አስተረጉማለሁ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው የራስ ቅሉ ውስጥ ቀስ ብሎ ሊደማ ይችላል። ላዩ ደህና ሆኖ፣ እየተጫወተ፣ ውስጥ ውስጡን ደሙ አንጎሉን ይጫነዋል። ያን ጊዜ አስቀድሞ ከሚምታታበት ነገር አንዱ ማን እንደሆነና የት እንዳለ ነው። ስለዚህ ደጋግመን እንጠይቃለን፤ ስምህ ማን ነው፣ የት ነው ያለኸው፣ ምን ወር ነው። ስሙን ሳይስት የሚመልስ ሰው ለጊዜው ደህና ነው እንላለን። በተውሶ ስም ለመጣ ሰው ይህ ጥያቄ ምን እንደሚሆን ያን ሰዓት አላሰብኩትም።

ልጁ የተዋሰውን ስም ከነአባቱ እንደ ወንዝ አወረደው። ዕድሜውንም፣ ከፊሉንም ሳይጠየቅ ጨመረ። ሐኪሙ «ማ ሻአላህ፣ ይህ ከኔ ይሻላል» አለ። ራሱን አልሳተም ስለተባለ፣ መልሱም ስለተስተካከለ፣ ለጊዜው ተኝቶ እንዲጠበቅ ወሰነ። «የሚለወጥ ነገር ካለ ጭንቅላቱን በሲቲ ስካን እናየዋለን። አንቺ ግን አትለዪው። ቶሎ ቶሎ ጠይቂው» ብሎ ሌላ አልጋ ጋ ሄደ።

ብቻችንን ስንሆን ልጁ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበና «እህቴ፣ ያውቁብኛል?» አለኝ።

«ዝም ብለህ ተኛ። ማንም አያውቅም።»

«እሱኮ ለኔ ብሎ ከቤት አልወጣም። ዛሬ ሹግሉን ተወ።» ስለ አዋሹ ነው የሚያወራው። «ቶሎ ልሂድለት። ራሴን ብቻ ትንሽ አመመኝ እንጂ ደህና ነኝ።»

መቁጠሪያው ቀጭ ቀጭ እያለ መጣ። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጥበቃው በመጋረጃው ክፍተት አየት አድርጎ አለፈ፤ እኔና ልጁ እኩል ተነፈስን።

ሐኪሙ ተመልሶ ሲመጣ ደግመን ጠየቅነው። አሁን ልጁ ዘገየ። ከንፈሩን አላወሰና ስም ተናገረ፤ የራሱን ስም፣ ጎልማሳው በጆሮዬ የነገረኝን። ጥናቱ ጠፍቶበት አመለጠው አልኩ። ስንቱን አምልጦታል! አንዱማ ባለፈው የራሱንም የአዋሹንም ስም አንድ ላይ አያይዞ ተናግሮ እኔው ነኝ ያረምኩለት። ዓይኔን አፍጥጬ አየሁትና ለሐኪሙ የተዋሰውን ስም ተረጎምኩለት። «ትክክል ነው፣ ዶክተር» አልኩ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ልጁ ግን ዓይኔን አይቶ አልደነገጠም። ሰው ተሳስቶ ስህተቱን ቢያውቅ ምላሱን ነክሶ ይደነግጣል፤ እሱ ዝም ብሎ ጣሪያውን ያያል። ይህን ልብ አላልኩትም፤ እኔ ራሴ ለሁለታችን የሚሆን ደንግጬ ነበር።

ከዚያ የመኪና አደጋ መጣና ክፍሉ ተተራመሰ። ሐኪሙ ከተጎጂዎቹ ደም ጋር ሲታገል እኔ በየመሐሉ ልጁን አያለሁ። በኋላ እጁን ስይዘው የልብ ምቱ ረጋ ብሏል። ያ ሁሉ ድለቃ ጠፍቶ ቀስ፣ ቀስ ይላል። ጎሽ፣ ፍርሃቱ ለቀቀው ብዬ ደስ አለኝ። ለቀቀው በእርግጥ! ምን እንደለቀቀው ሳላውቅ ነው የተደሰትኩት።

መቁጠሪያው ድጋሚ መጣ። ጥበቃው መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ሐኪሙን ፍለጋ አንገቱን አስገባ። ልጁ ፊቱን አላዞረም። ቀና አለና ፈገግ ብሎ «ግባ እንጂ አጎቴ፣ ቁጭ በል» አለው፤ በአማርኛ፣ ጮክ ብሎ፣ ገጠር ደጃፍ ላይ እንደተቀመጠ ሰው። ጥበቃው አልገባውም፤ ሳቅ ብሎ «ሰላማት» አለና ሄደ።

እኔ ግን የያዝኩትን ትቼ ወደ ልጁ ዞርኩ። በዚያ ሰሞን በዚያ ከተማ ዩኒፎርም አይቶ ፈገግ የሚል፣ ያውም የሰው ኢቃማ ይዞ፣ ጤነኛ አበሻ አልነበረም።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ፊቱን በሁለት እጄ ያዝኩት። «ወንድሜ፣ ስምህ ማን ነው?»

ዓይኑ ወደ ጣሪያው ሄደ።

«የካርዱን አይደለም የምልህ። የራስህን። እናትህ ማን ብላ ነው የምትጠራህ?»

ግንባሩን ቋጠረ። ፈለገው። ኪሱ ውስጥ የገባ ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው ሲፈልገው አየሁ። ከዚያ ፊቱ ፈታ አለ፤ መልሱን አገኘዋ።

«እሱማ» አለኝ፣ «ኢቃማው ላይ አለ።»

ባትሪዬን አውጥቼ ዓይኑ ላይ አበራሁ። የቀኙ ብሌን ጠበበ። የግራው ሰፍቶ ቀረ።

ሐኪሙ ያለበት ከእኔ ጥቂት እርምጃ ነው፤ ያችን ከመሄዴ በፊት ግን መውጫ ፈለግሁ። ስለ ዓይኑ ብቻ ልንገረው አልኩ። ዓይኑን ይይ፣ የቀረውን እሱ ይወቀው፤ ስለ ስሙ ማንም አይጠይቀኝ። ደሴ ያለችውን፣ በየወሩ ስልኬን የምትጠብቀውን እናቴን አሰብኩ። ተርሒልን አሰብኩ፤ እዚያ ገብተው የወጡት የሚያወሩትን፣ መሬት ላይ መተኛቱን፣ ኩርምት ብሎ መጠበቁን።

«ዶክተር፣ የአራተኛው አልጋ የግራ ብሌኑ ሰፍቷል» አልኩት።

የያዘውን መርፌ ለሌላው ነርስ ሰጥቶ ሮጠ። አበራበት፤ ልቡን አዳመጠ፤ ደም ግፊቱን ለካው፤ ሽቅብ ወጥቷል። ልጁ በዚያች ደቂቃ አስታወከ። «አሁን ሲጠየቅ በትክክል ሲመልስ አልነበረም እንዴ?» አለኝ ሐኪሙ። «መወዛገብ የጀመረው መቼ ነው? በትክክል ንገሪኝ፤ ለቀዶ ጥገናው ሐኪም የምነግረው ይህንኑ ነው።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ደረሰ።

«ቅድም አንተ ራስህ ስትጠይቀው» አልኩት። «የተናገረው ስም ሌላ ነበር። እኔ ነኝ አስተካክዬ የተረጎምኩት። ካርዱ የሱ አይደለም። ጥናቱ የጠፋበት መስሎኝ ነው፤ እሱ ግን እየጠፋ የነበረው ራሱ ነው። አሁን እናቱ የምትጠራበትንም ስም አያውቀውም።»

አላመነታም፤ አልጮኸም። «ያላ» አለና የአልጋውን እግር ፍሬን በጫማው ገፍቶ ራሱ መግፋት ጀመረ። እኔ በሌላው ጫፍ። ኮሪደሩ ላይ ስንሮጥ ጥበቃው መንገድ ለቀቀልን።

ሲቲ ስካኑን ሲያነሱት እኔ ወደ ውጭ ሮጬ ጎልማሳውን ከመኪኖቹ ጀርባ አገኘሁት። «እውነቱን ንገረኝ! ራሱን ስቶ ነበር?»

ሲሚንቶ የጋገረ ጫማውን አየ። «ግድግዳ ከሚለስንበት መወጣጫ ላይ ነው የወደቀ» አለ። «ሁለት ረከዓ የሚሰገድበትን ያህል እንደተኛ ሰው ሆነ። ከዚያ ብድግ አለና ‹ያላ ሹግል› አለን። ሹርጣ ይመጣል ብዬ ፈርቼ ነው፣ እህቴ። ኸላስ፣ ሊሞት ነው?»

«አላውቅም» አልኩት። ልቆጣው ነበር የወጣሁት፤ ግን በምን አፌ?

ስመለስ ሐኪሙ መስታወቱ ጀርባ ቆሞ ምስሉን ያያል። ከግራው የራስ ቅል ሥር የባቄላ ፍሬ የመሰለ ነጭ ነገር ተለጥፎ አንጎሉን ወደ ቀኝ ገፍቶታል። ደም ነው። የኛ ሆስፒታል የጭንቅላት ቀዶ ጥገና አይሠራም፤ ወደ ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል በአምቡላንስ መሄድ አለበት፤ ቶሎ። እብጠቱን የሚቀንስ መድኃኒት በደም ሥሩ እየሰጠሁት ሳለ ሐኪሙ የመላኪያውን ወረቀት ይዞ መጣ። ብዕሩን ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ አቆመው።

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«ፈርቼ።»

«እኔም ከፊል አለኝ» አለ። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ንገሪኝ እስኪ። ይህ ልጅ መንገድ ላይ ቢሞት፣ ማን ሞተ ብዬ ነው የምጽፈው?»

ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ካርድ ሲዋሱ እያየሁ፣ ዝም እያልኩ፣ ከነካርዱ ቢሞቱስ ብዬ አላውቅም። ልጁ ቢሞት ሟች ተብሎ የሚመዘገበው አንድ ክፍል ውስጥ በሩን ዘግቶ ካርዱን የሚጠብቀው ሰውዬ ነው። እሱ በሕይወት እያለ ይሞታል። ይኸኛው ደግሞ በሰው ስም ይቀበራል፤ እናቱም «ልጄ ሪያድ ነው» እያለች ታረጃለች። ሰው እንዴት ሁለት ጊዜ ይጠፋል? አለቀስኩ። መርፌውን እንደያዝኩ ነው ያለቀስኩት።

«ስሙን ልንገርህ» አልኩት።

«አትንገሪኝ። ከነገርሽኝ እኔም ማወቄ ነው።» ጎንበስ ብሎ አንድ ቃል ጻፈ፤ መጅሁል። ማንነቱ ያልታወቀ ማለት ነው። «ሲነቃ እሱ ራሱ ይንገራቸው። እስከዚያው የማንም ስም አይሙት።»

ካርዱን ከልጁ ኪስ አውጥቼ አምቡላንሱ ሲንቀሳቀስ ለጎልማሳው በእጁ አስጨበጥኩት። አዋሹ ከቤት ይውጣ። ልጁ ግን ያለ ምንም ስም ሄደ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት እህል አልቀመስኩም ማለት እችላለሁ። አስተዳደር ቢሮ ተጠርቼ ብሄድ የተረኛ ፈረቃ ለመቀየር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ምንም አልተናገረም፤ እኔም አላነሣሁበትም። የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነበር። ያቺ የዘገየችው ጊዜ፣ እኔ ስሙን አርሜ የተረጎምኩባት፣ ምን በላች? ቁጥሬን የሰጠሁት ጎልማሳ በየቀኑ ይደውላል፤ «ዳነ?» ይላል። «ቀዶ ጥገናው ተሠርቷል» እለዋለሁ፤ ከዚያ በላይ በስልክ የሚነግረኝ አልነበረም።

ዕረፍቴ ሲደርስ ሊሙዚን የሚሉትን ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ትልቁ ሆስፒታል ሰው ይውጣል። ነርስ መሆኔን እየተናገርኩ፣ እየለመንኩ፣ ከፎቅ ፎቅ እየተላክሁ አገኘሁት። በሩ ላይ ፖሊስ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ማንነቱ ላልታወቀ ሰው የሚቀመጥ ፖሊስ ነው። አልፌው ገባሁ።

የክፍሉ ነርስ ፊሊፒናዊት ናት። «ይበላል፣ እጅ እግሩን ያንቀሳቅሳል፣ ተነሣ ስንለው ይነሣል» አለችኝ። «ግን አይናገርም። ጠዋት ጠዋት ስሙን እንጠይቀዋለን፤ ጣሪያውን ያያል። ደሙ የተጫነው በንግግሩ በኩል ስለሆነ፣ ሐኪሞቹ ስሙንም ንግግሩንም አጥቶ ይሆናል ይላሉ።»

ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠምጥሟል። ከስቷል። የአልጋው ራስጌ ላይ መጅሁል የሚል ተለጥፏል። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩና እጁን ያዝኩ። ለመጠየቅ ፈራሁ። ካልጠየቅሁት አላውቅም፤ ካላወቅሁ ተስፋ አለ። እንዲህ ዓይነት ፈሪ ነኝ። በመጨረሻ ግን ጠየቅሁት።

«ወንድሜ፣ ስምህ ማን ነው?»

አየኝ። ከዚያ ዓይኑ ከእኔ ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ፤ ከበሩ ሥር ወደሚታየው የፖሊሱ ጫማ። እንደገና ወደ እኔ ተመለሰ። ከንፈሩን ሳያላውስ ማለት ይቻላል፣ በሹክሹክታ፣

«እህቴ» አለኝ፣ «የትኛውን ልበል?»

አፌን በሻሼ ጫፍ አፈንኩት፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ እኔም አልለየሁትም። ያ ሁሉ ቀን አፉን የዘጋው ደሙ አልነበረም። እየሰማ፣ እየገባው፣ አንደበቱን ይዞ የቆየው ሆን ብሎ ነው።

«የሱን ካልኩ እሱን ይይዙታል» አለ፤ «የኔን ካልኩ ተርሒል ነው። እኔ እንጃ። አንቺን ስጠብቅ ነበር።»

«ካርዱ ተመልሶለታል» አልኩት። «እሱ ደህና ነው፣ ሹግሉ ላይ ነው። ያንተን በል። እናትህ ያወጣችልህን።»

ዓይኑን ጨፈነ። ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ፣ ጮክ ብሎ፣ አንድም ፊደል ሳይስት ተናገረው። ከበሩ ሥር ያለው ጫማ ተንቀሳቀሰ፤ ወንበሩ ጮኸ፤ ፖሊሱ ተነሣ።

እጁን አልለቀቅሁም። ጣቴን ከልማዴ የተነሣ ሥሩ ላይ አድርጌ ነበር፤ ልቡ እንደ መጀመሪያው ቀን እንደ ከበሮ ይደልቃል። ፖሊሱ መዝገቡን ይዞ እየገባ እኔ በሆዴ «ተመስገን፣ ፈራ» አልኩ።